የአራተኛው ታንከር ድምፅ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልደታ በሚገኘው የድሮ ዘይት ማጣሪያ ግቢ፣ ብረት ቆራጮች የአራተኛውን ታንከር ክዳን አንስተው በባትሪ ቢያበሩ ከታች ሰው ተጋድሞ አዩ። ግራጫ ካፖርቱን ያላወቀው አልነበረም። ከቅዳሜ ጀምሮ ባለቤታቸው ሲያፈላልጓቸው የነበሩት የማጣሪያው ጡረተኛ አቶ ገብረጊዮርጊስ ናቸው።

ኢንስፔክተር ዕፀገነት ስትደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በትልቅ ማራገቢያ ወደ ታንከሩ አየር እየነፉ ነበር። ታንከሩ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ግማሹ ከመሬት በላይ ያበጠ የብረት ጎተራ ነው። በጎኑ በተበየደው መሰላል ጣሪያው ላይ ወጣች። መሃሉ ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክብ አፍ አለ። በሆዷ ተኝታ አንገቷን አሰገገች።

ልጅ ሆና ከአብነት ሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ስትመላለስ የዚህን ግቢ አጥር በየቀኑ ታልፈው ነበር። ሽታውን ታውቀዋለች። ውስጡን ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። አሁን ከአፉ የገባው ፀሐይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወርዶ ወለሉ ላይ ቆሟል። ከምሰሶው ወዲያ ጨለማ ብቻ ነው፤ ግድግዳው የት እንዳለ አይታይም። አንድ ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ ይገባበታል ብላ አሰበች። የመጣችበትን ጉዳይ ለአፍታ ረሳችው። ከዚያ ከብርሃኑ ዳር የተጣጠፈውን ካፖርት አየች።

«ወድቀው ነው የሚሆነው» አለ ረዳቷ ሳጅን ጃርሶ። «ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው አሉ። በዚህ ዕድሜ እዚህ ላይ ምን ሊሠሩ ወጡ?»

«ክዳኑ ጠዋት ክፍት ነበር?» ብላ ብረት ቆራጮቹን ጠየቀች።

«ኧረ ግጥም ብሎ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ነን ያነሳነው» አለ አንዱ።

ክዳኑ ማጠፊያ የለውም። ሁለት እጀታ ያለው ክብ ብረት ነው፤ ጎትተው አፉ ላይ ካላስቀመጡት በራሱ አይዘጋም። ዕፀገነት አንዱን እጀታ ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው። ከበደ፤ ግን ተንቀሳቀሰ። አንድ ሰው ቆርጦ ከተነሣ ይችላል።

«እሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው የተዘጋው» አለች። «ከታች ሆኖ ማንም አይገጥመውም፣ ጃርሶ።»

* * *

ማጣሪያው ፈርሶ በቦታው የሚሠራው ግንባታ ኃላፊ ቃለሕይወት ቢሮው ኮንቴይነር ውስጥ ነው። በግድግዳው ላይ አራት ረጃጅም ሕንፃዎች፣ አንድ መናፈሻና አንድ መዋዕለ ሕፃናት ያሉበት ባለቀለም ሥዕል ተለጥፏል። ሥዕሉ ላይ ያሉት ልጆች ይስቃሉ።

«ጋሼ ገብሬ ባይኖሩ ኖሮ እስካሁን ሁላችንም ፈንድተን ነበር» አለ ዓይኑ እንደቀላ። «ይህን ማጣሪያ በሃምሳዎቹ አንድ ግሪክ ነው ያቆመው። ከባቡር ጣቢያውና ከአውቶቡሶቹ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እየሰበሰቡ፣ በአሲድ አጣርተው እንደ አዲስ ይሸጡት ነበር። በደርግ ተወረሰ። ኋላም ከስሮ ተዘጋ። ፕላኑ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። መሬት ሥር ስንት ቱቦ እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ከእሳቸው በቀር።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ እዚህ ነዋ የኖሩት! መሬቱን በእግራቸው መታ መታ ያደርጉና ‹እዚህ ሥር ቱቦ አለ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል› ይላሉ። እንቆፍራለን። አለ! ወደ ቀኝም ይታጠፋል። ቻይናዎቹ መሐንዲሶች ቆመው ያዩአቸው ነበር።»

«ከእርስዎ ጋር አልተጋጩም?»

ቃለሕይወት አንገቱን ደፋ። «ተጋጭተናል። ሥራ ያዘገያሉ። ባለፈው ሳምንት ጮኼባቸዋለሁ። ቅዳሜ ግን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሚዜ ነበርኩ። ቪዲዮው አለ።»

ቪዲዮው ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከሙሽራው ጎን አልተለየም።

«ከሠራተኞቹ ሌላ ቅዳሜ ከሰዓት ማን ገባ?»

የበሩ ጥበቃ ጃፋር መዝገቡን አመጣ። የገባን እንጂ የወጣን አይጽፍም። ሠራተኛው በስድስት ሰዓት ተበትኗል። ከዚያ በኋላ ሁለት ስም ብቻ ሰፍሯል። ስምንት ሰዓት ላይ ዓብዱልሰላም፣ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ። ስምንት ከሩብ ላይ በሱፍቃድ፣ የአፈር ምርመራ ባለሙያ።

* * *

ዓብዱልሰላም ሱቁ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። ከጣራ እስከ ወለል ብረት በተቆለለበት ጠባብ ቤት ውስጥ ቆሞ አገኙት፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለ ገና ሳይጠየቅ። «የመጀመሪያውን የማጣሪያ ጋን ልቆርጠው ስል ፊቴ ቆሙ። ‹ይሄ ይቀመጥ፤ የሚመጣው ትውልድ ይየው› አሉኝ። እኔ ደግሞ ተናደድኩና ‹ከብረትዎ ጋር ይቀበሩ!› አልኳቸው።» አፉን በመዳፉ ያዘ። «ወላሂ ለሞት አልነበረም ያልኩት።»

«መቼ ነው ይህን ያሉት?»

«ቅዳሜ ነው። ያኔውኑ ወጣሁ። ጎማዬ ተንፍሶ ስለነበር አብነት ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት።»

ጎሚስታው አላስተባበለም፤ አላረጋገጠምም። «መጥቷል። ከሰዓት ነው። ሰዓት ግን አላየሁም፣ እጄ ጎማ ላይ ነበር» አለ።

ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ጃርሶ፣ «ጉልበቱም አለው፣ ዛቻውም አለው» አለ።

«አለው» አለች ዕፀገነት። «ዛቻውን የነገረን ግን ራሱ ነው።»

* * *

የአፈር ባለሙያው በሱፍቃድ ሜክሲኮ አደባባይ ባለ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ በትሕትና ተቀበላቸው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው የተስተካከለ፣ ንግግሩ የተመዘነ። በመስኮቱ የባቡሩ ሐዲድና አደባባዩ ይታያል።

«ልነግራችሁ ወደ ጣቢያ ልመጣ ነበር» አለ። «ቅዳሜ የቀሩ መሣሪያዎቼን ልወስድ ገብቼ ነበር። ስምንት ተኩል ገደማ በአራተኛው ታንከር ሥር ሳልፍ የጋሼ ገብሬን ድምፅ ሰማሁ። ከታንከሩ ውስጥ ነበር።»

ዕፀገነት እስክሪብቶዋን አነሳች። «ምን አሉ?»

«‹ዓብዱልሰላም ተው! ብረቱን አትንካ!› እንደተለመደው የሚጨቃጨቁ መሰለኝና አልፌ ሄድኩ። ምነው ያኔ ወደ ላይ በወጣሁ!»

«ቃል በቃል ይህንን ነው ያሉት?»

«ቃል በቃል። እንደ እርስዎ ድምፅ ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ።»

ጻፈችው። አንብቦ ፈረመ። በዚያው ዕለት ዓብዱልሰላም ታሰረ። ሲወስዱት ምንም አልተከራከረም፤ የሱቁን ቁልፍ ለጎረቤቱ ሰጥቶ፣ «አንድ ሽማግሌ ላይ ክፉ ተናግሬያለሁ፤ ቅጣቴ ነው» ብቻ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለላት። አቶ ገብረጊዮርጊስ ዳሌያቸውና የራስ ቅላቸው ተሰብሯል። ግን ወዲያው አልሞቱም። አንድ ሰዓት ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ በሕይወት ነበሩ።

ዕፀገነት ስልኩን ዘጋች። ክዳኑ የተዘጋው በሕያው ሰው ላይ ነው።

* * *

የሟች ቤት ከማጣሪያው አጥር ብዙ አይርቅም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታየች በለቀስተኞች መሃል ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ዕፀገነት ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በዚህ ሰዓት ማስቸገሬ ነው።»

«አይደለም ልጄ። ጠይቂኝ። ዝም ስል ነው የሚብሰኝ።»

«ሰሞኑን የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር?»

ወይዘሮ ታየች አሰብ አደረጉ። «ዓርብ ማታ እህል አልበላም አለ። ምነው ስለው፣ ‹አንድ ልጅ ተሳስቷል። ስሙ ሳይጠፋ ራሱ እንዲያርመው ልምከረው› አለኝ። ማነው ብለው አልነገረኝም። ሰው ማማት አይወድም ነበር።» ከዚያ ተነሥተው ከአልጋው ሥር አንድ ጥቅል ጎተቱ። «ስለዚያ ግቢ ከሆነ የምትፈልጊው ይኸው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሲሥለው የኖረ ነው።»

ጥቅሉ የድሮ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወረቀቶች ነው፤ ጀርባ ጀርባቸው በሙጫ ተያይዟል። ዕፀገነትና ጃርሶ ወደ ጓዳ ወስደው ዘረጉት፤ ወለሉ ሞላ። ጃርሶ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣቶች ግድግዳ ግድግዳውን ሄደ።

የማጣሪያው ግቢ ነበር፤ ከላይ የሚታየው ሳይሆን ከሥሩ ያለው። ቱቦው ሁሉ በቀይ እርሳስ፣ ጉድጓዱ በሰማያዊ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ በእርምጃ ተለክቶ። ዳር ዳሩን በጥቃቅን ፊደል ስም ሰፍሯል፤ እዚህ እገሌ እጁ ተቃጠለ፣ እዚህ እገሊት የወለደች ለት ደገስን፣ ይህን ቱቦ የበየድኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው፣ ምንም ሳያይ፣ ከራሱ ጭንቅላት። ዕፀገነት ተንበርክካ ቀረች። በአጥሩ ጥግ ስታልፈው የኖረችው መሬት ሌላ ከተማ ተሸክሞ ኖሯል።

«ይሄስ ምንድነው?» አለ ጃርሶ።

በሰሜኑ ጥግ ሰፊ ቦታ በከሰል ጠቁሯል። በላዩ «ጥቁር ባሕር» የሚል ጽሑፍ አለ።

ወይዘሮ ታየች ከበሩ ላይ ሆነው መለሱ። «ሠራተኞቹ ናቸው እንዲያ ያሉት። ዘይቱ በአሲድ ሲጣራ አተላ ይቀራል፤ ቆዳ የሚልጥ መርዝ ነው። ዓመት ከዓመት እዚያ ይደፉት ነበር። ኋላ አፈር አልብሰው ተዉት።»

ዕፀገነት ስልኳን አውጥታ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያነሳችውን ፎቶ ከፈተች። ባለቀለሙ ሥዕል። የሚስቁት ልጆች። መዋዕለ ሕፃናቱ ያረፈው ሰሜኑ ጥግ ላይ ነው።

ከዚያ ከግንባታው ቢሮ ያመጡትን የአፈር ምርመራ ሪፖርት ከጃርሶ ተቀብላ ገለጠች። በሱፍቃድ በአሥር ቦታ ጉድጓድ ቦርቡሮ ናሙና ወስዷል። ሰባተኛው በዚያው ጥግ ነው። ከጎኑ እንዲህ ይላል፦ እስከ አምስት ሜትር ድረስ ቀይ አፈር፤ ንጹህ።

«ተሳስተው ይሆናል፤ ሽማግሌ ናቸው» አለ ጃርሶ በጥርጣሬ።

«ይሆናል» አለች። «ወይም ሌላ ሰው ተሳስቷል። ተነሥ፣ ታንከሩን በደንብ እንየው።»

* * *

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ዕፀገነት በገመድ ታስራ በመሰላል ወደ አራተኛው ታንከር ወረደች። የእሳት አደጋ ሠራተኛው የአየር መለኪያውን አንገቷ ላይ አንጠልጥሎላታል።

ወለሉን ስትረግጥ የጫማዋ ኮቴ ዞሮ ዞሮ መጣባት። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምፁ ግድግዳውን እየዞረ ሄደ፣ ተመለሰ፣ በራሱ ላይ ተደረበ፣ ብዙ ሰው ሆነ። ከላይ ያለው አፍ አሁን የሳንቲም ያህል ነው፤ ሰማይ በውስጡ ተጣብቋል። እዚህ ተኝተው ያ ሳንቲም ሲጠፋ አዩ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ በጨለማ ቆዩ ማለት ነው።

ከወለሉ ምንም አላገኘችም። እንዲያም ሆኖ ወለሉን ፎቶ ለማንሳት ፈለገች።

«ጃርሶ!» ብላ ጮኸች። «ካሜራውን በገመድ አውርድልኝ!»

ጃርሶ አፉ ላይ ብቅ አለ። «ምን?»

«ካሜራውን!»

«አልሰማም! ይጮሃል እንጂ ቃል የለውም!»

ዕፀገነት ካሜራውን ተወችው። ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች። መሰላሉን ስትጨርስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ከታንከሩ ውረድና በሱፍቃድ ሳልፍ ሰማሁ ያለበት ቦታ ቁም» አለችው። «ወረቀት ያዝ። የምትሰማውን ሁሉ ጻፍ።»

ተመልሳ ወረደች። ሦስት ጊዜ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ፣ «ዓብዱልሰላም ተው! ብረቱን አትንካ!» ብላ ጮኸች። በዙሪያዋ ድምፅዋ እንደ ነጎድጓድ ተንከባለለ።

ስትወጣ የጃርሶ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «እንደ ትልቅ ደወል። ሦስት ጊዜ።»

* * *

ከሰዓት በኋላ በሱፍቃድን ጠሩት። ድምፁን የሰማበትን ቦታ እንዲያሳያቸው ነው አሉት፤ ፈገግ ብሎ መጣ። ዕፀገነት ወደ ታንከሩ ጣሪያ ይዛው ወጣች። ከዚያ ላይ ግቢው በሙሉ ይታያል። የፈረሱት ጋኖች፣ ቁፋሮው፣ ከአጥሩ ማዶ የልደታ ሕንፃዎች።

«ይችን ግቢ ከዚህ ሆኖ ላያት ትልቅ ናት» አለችው።

«ናት።»

«አቶ ገብረጊዮርጊስም ሰሜኑን ጥግ ከዚህ ነው ያሳዩዎት?»

ዕፀገነት ለጃርሶ ምልክት ሰጠች። ጃርሶ ቀድሞ ታንከሩ ውስጥ ወርዷል። ከእግራቸው ሥር ድምፁ ተነሣ፤ ቃል አልነበረውም። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ከምድር ሆድ የሚወጣ የሚመስል ደወል። የጣሪያው ብረት በጫማቸው በኩል ተንቀጠቀጠ።

በሱፍቃድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሁለቱን ጆሮዎቹን ያዘ።

«ሳጅኑ ምን እያለ እንደሆነ ይንገሩኝ» አለች ዕፀገነት። «ቃል በቃል።»

«አስቁሙልኝ።»

«ጥርት ብሎ ይሰማል ብለው ፈርመዋል።»

«እባክዎ አስቁሙልኝ!» ብረቱ ላይ ተቀመጠ።

እጇን አወዛወዘች። ድምፁ ቆመ፤ ማሚቶው ግን ለረጅም ጊዜ ሲያንሾካሹክ ቆየ። በሱፍቃድ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ መሰርሰሪያዬ ተሰበረ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ሪፖርቱ በማግሥቱ ይፈለግ ነበር። ከሌላ ቦታ አፈር ወስጄ ሞላሁት። አንዲት ጉድጓድ ናት ብዬ ነው። ከዚያ ‹ሰሜኑ ጥግ ንጹህ ነው› ብለው መዋዕለ ሕፃናቱን ወደዚያ አዛወሩት። በእኔ ፊርማ። አሥራ ስድስት ዓመት በሥራዬ አንድ ሰው ነቅፎኝ አያውቅም።»

«እሳቸው እንዴት አወቁ?»

«ቀይ አፈር የሚለውን አነበቡ። ቅዳሜ እዚህ አወጡኝ። ክዳኑን ራሳቸው ናቸው አስነሥተውኝ፣ ‹ሽታውን ስማ፤ ከዚህ የወጣው ሁሉ ነው እዚያ ጥግ የተኛው› ያሉኝ። አልተቆጡም። ‹ልጄ፣ ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት› አሉ። አንድ ወር ይስጡኝ አልኳቸው። ‹ሰኞ› አሉ። ለመንኳቸው። ‹ሕፃናት ናቸው፣ ሰኞ› አሉና ሊወርዱ ዞሩ። ደረታቸውን ገፋሁት። እንዲቆሙልኝ ነበር የፈለግሁት።» እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «አፉ ከኋላቸው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«የሞቱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ድምፁ መጣ። ስሜን ይጥሩ፣ ፈጣሪን ይጥሩ፣ አላውቅም። ቃል አልነበረውም። ግቢውን ሁሉ የሚሞላ መሰለኝ። ሰው የሚሰማ መሰለኝ። እንዲቆም ብዬ ክዳኑን ዘጋሁት።»

«ቆመ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ከክዳኑ ሥር ይሰማ ነበር። አሁንም ይሰማኛል። ምን እንዳሉ እንኳ ባውቅ . . . እኔ ነኝ ቃል የሠራሁላቸው።»

ጃርሶ ከታንከሩ ወጥቶ ካቴናውን አወጣ። ዕፀገነት ለጥቂት ጊዜ ከጣሪያው አልወረደችም። ብዙ ገዳይ አይታለች፤ የሚገርማት ግን ሟቹ ነበሩ። አንድን ሰው ከውርደት ሊያድኑ እስከዚህ ወጡ።

ዓብዱልሰላም በዚያው ቀን ተፈታ።

* * *

ዓርብ ጠዋት ሰሜኑ ጥግ ተቆፈረ። ኤክስካቫተሩ ሲያጓራ ግቢው ያለው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ቃለሕይወት ሥዕሉን ከግድግዳው አንስቶ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል፤ ዓብዱልሰላም ከሱቁ መጥቶ ለብቻው ቆሟል። ዕፀገነት ወይዘሮ ታየችን በክንዳቸው ደግፋ አመጣቻቸው።

አንድ ሜትር አፈር ነው። ሁለት ሜትር አፈር ነው። አንድ ሠራተኛ፣ «ምንም የለም እኮ» ሲል የማሽኑ ጥርስ ሦስተኛውን ሜትር ነካ። መሬቱ ለሰስ አለ፤ ከሥሩ ጥቁር ነገር ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ እያበጠ ወጣ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጠፋ። ጥቁሩ ሰፋ፤ ከጉድጓዱ ጥግ እስከ ጥግ ሞላ። ከዚያ ረጋ። ረግቶም አበራ። ደመናው፣ ክሬኖቹ፣ በዳሩ የቆሙት ሰዎች ፊት ሁሉ ተገልብጦ በውስጡ ታየ። ዳርቻው የት እንደሚያበቃ ማንም መናገር አልቻለም። ካርታው እንደሚለው ከሆነ፣ የተከፈተው ከአሥር አንዱ አይሞላም።

ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ቃለሕይወት ወደ ወይዘሮ ታየች ቀርቦ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እዚህ ልጅ አይረግጥም። ባለሙያዎቹ ማጽዳቱ ዓመታት ይፈጃል ብለዋል። ይጸዳል።»

ወይዘሮ ታየች ሰሙት። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወደ ጉድጓዱ ዳር አንድ እርምጃ ተጠጉ። ዕፀገነት ክንዳቸውን ጠበቅ አደረገች።

«ለካ ይሄን ያህል ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወሩ። «ሠላሳ ዓመት ከልብሱ ላይ ሳጥበው፣ ትንሽ ነገር መስሎኝ።»